አስራ አንድ ጥንድ ጎማ

ቨርሊን ታኬት ማክሰኞ ጠዋት ሚስ ኦኒዳ ስሎን ጎማ ቤት ሲደርስ ፒክአፑ ላይ አንድ ያገለገለ የኋላ ጎማ ጭኖ ነበር። አዲስ ሊመርጥ ነው የመጣው። በአስራ አንድ ዓመት አስራ አንድ ጊዜ የኋላ ጎማ መርጧል። ሚስቱን የመረጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱንም ብዙ አላሰበበትም።

ኖቫ የምትባል አሮጌ መኪና አለችው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ታደርሰዋለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሸለቆው ውስጥ ባለው ሜዳ ላይ እንዳበደች ትሮጣለች። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፣ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ ሁለት መቶ ሜትር ቀጥ ብሎ መንዳት ነው፣ አለቀ። ሌላውን ሁሉ አሸንፏል፤ ለሌላው ሞተሩ ብቻ ይበቃል። ኮይ ራትሊፍን ግን አንድ ቀን እንኳ ቀድሞት አያውቅም። ሁልጊዜ በግማሽ መኪና ርዝመት ይቀደማል፣ ሁልጊዜም ገና ሲነሳ የኋላ ጎማዎቹ መሬት አልነክስ ብለው በባዶ ይሽከረከሩበታል። ሜዳው ደግሞ ተሽጧል። የፊታችን ቅዳሜ የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ ወዲያ መጋዘን ይሠራበታል። ቨርሊን ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ከዚህ ዓለም የሚፈልገውም ኮይን አንዴ፣ አንዴ ብቻ መቅደም ነው።

ሚስ ኦኒዳ በወጣትነታቸው እዚያው ሜዳ ላይ ስንቱን ወንድ አሸንፈዋል። የተሸነፉት አሁንም ሲነሳባቸው ደስ አይላቸውም።

«ደግሞ መጣህ?» አሉት።

«ደግሞ መጣሁ። ይሄኛው ደረቅ ነው፣ ያንሸራትታል። ጎኑ ለስለስ ያለ፣ ግን መንገድ ላይ የማያወዛውዘኝ እፈልጋለሁ። ሰፋ ቢልልኝ ደግሞ...»

«ከዚህ ከሰፋማ አልጋ ግዛ። እስቲ ያገለገለውን አምጣው።»

ጎማውን በሩ ላይ ወደ ብርሃን አንከባለሉት። መነጽራቸውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ አገላብጠው እንደገና ዳሰሱት።

«ሜዳ ላይ ነፋሱን ስንት ላይ ነው የምታደርገው?»

«አስራ አራት።»

«አስራ አራት ነው ያለህ ማነው?»

«ዶይል ነዋ። ሁሌም እሱ ነው የሚያስተካክለው።»

«ና እይ። ጎማ እንዲነክስ ሜዳው ላይ የሚቀቡት ሙጫ የያዘው መሃሉን ብቻ ነው፣ መዳፍ የምታክለውን። ዳርና ዳሩን ዳስስ፤ ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ፀጉር እንኳ አልረገፈም። በአስራ አራት ቢሆን ጎማው ተንጠፍጥፎ ዳር እስከ ዳር ይነክስ ነበር። ይሄ እንደ ኳስ ተነፍቶ ነው የሮጠው።»

«መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናላ።»

«ይሆናል» አሉ። የማያምኑበትን ነገር ሲናገሩ አጭር ናቸው። ጎማ አልሸጡለትም፤ በጎማ ፋንታ የራሳቸውን የነፋስ መለኪያ አውጥተው ደረት ኪሱ ውስጥ ከተቱለት።

ቨርሊን ዕቃ መጣል አይሆንለትም። አስሩ የቀድሞ ጥንዶች ጎተራው ውስጥ ተደርድረዋል፤ ጠንካራው፣ ለስላሳው፣ ጠባቡ፣ ሰፊው። አንድ በአንድ እያወረደ ወደ በሩ እያንከባለለ ዳሰሳቸው። ሁሉም መሃላቸው ጥቁር፣ ዳርና ዳራቸው ፀጉራም ነው። የተበላሸ መለኪያ ነው እንዳይል፣ ዶይል በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ሦስት መለኪያ ቀይሯል። ጎማዎቹ ላይ ቁጭ አለ።

ዶይል ሙሊንስ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛው ነው። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ ብቻውን ይኖራል፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ሁለት የቦሎኛ ሥጋ ሳንድዊች በወረቀት ከረጢት ይዞ ቨርሊን ደጅ ላይ ነው። ሜዳ ሲደርሱ ቨርሊን መሪ ይጨብጣል፣ ዶይል ጎማው ሥር ይንበረከካል። ቨርሊን አንድም ቀን ተንበርክኮ አላጣራም። በዶይል ላይ ማጣራት ነውር ይመስለው ነበር።

የቨርሊን አባት ደግሞ ነበሩ። በየቅዳሜው አጥሩ ሥር ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ፣ ልጃቸው ተሸንፎ ሲመጣም አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፦ «ጎማው ነው?»

«ጎማው ነው፣ አባባ።»

«በሚቀጥለው ደህና ምረጥ።»

ከሁለት ዓመት በፊት ሞቱ፣ ልጃቸው ኮይን ሲቀድም ሳያዩ። ሣጥናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ዶይል ነበር።

ቅዳሜ ቨርሊን ያንኑ አስራ አንደኛ ጥንድ መልሶ አሰረ። ዶይል ጋቢና ገብቶ እስከ ሜዳው ያለውን አርባ ኪሎ ሜትር ስለ አየሩ፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ ስለ ባቄላ ሾርባ ሲያወራ መጣ። ቨርሊን «እህ» እያለ ነዳ።

ተራቸው ሲቃረብ ዶይል ተንበርክኮ የኋላ ጎማዎቹን አስተነፈሰ። «አስራ አራት። በል ንዳት፣ ጌታው።»

ቨርሊን ወርዶ አጠገቡ ተንበረከከ።

«ምን ጠፋብህ?» ብሎ ሳቀ ዶይል።

ቨርሊን የሚስ ኦኒዳን መለኪያ ቫልቩ ላይ ጫነው። አስራ ዘጠኝ። ዞሮ ሌላውን ለካ፣ አስራ ዘጠኝ። መለኪያውን ዘርግቶ አሳየው።

«ፀሐዩ ነው፣ ሲሞቅ ይጨምራል» አለ ዶይል። ጥቅምት ማለቂያ ነው፣ ሁለቱም ሹራብ ለብሰዋል።

ቨርሊን በጥፍሩ ቫልቩን ተጭኖ አምስቱን አስወጣ፤ መጀመሪያ የግራውን፣ ቀጥሎ የቀኙን። ዶይል ነፋሱ እስኪያልቅ እዚያው ቆሞ ሰማ።

አረንጓዴው ሲበራ ጎማዎቹ መሬቱን ነከሱት። ቨርሊን ጀርባው ወንበሩ ላይ ተለጠፈ፣ የኮይንም መኪና በአስራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በመስታወት አየው። በአንድ ሙሉ መኪና ቀደመው። እልል ማለት ነበረበት። ግን ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አንጀቱን አቃጠለው።

ኮይ ኮፍያውን አውልቆ መጣ። «ምን ጎማ አገኘህ?»

«ያው የድሮው ነው።»

«አትቀልድብኝ።»

«ምን ቀልድ አለ ብለህ ነው፣ ኮይ?»

ወደ ቤት ለመመለስ ጎማዎቹ እንደገና መነፋት አለባቸው፣ በአስራ አራት አስፋልት አይነዳም። ዶይል እንደልማዱ ፓምፑን ይዞ መጣ።

«ተወው» አለ ቨርሊን። ፓምፑን ተቀብሎ ራሱ ተንበረከከ።

ዶይል ከኋላው ቆሞ፣ «ኮይን ያሸነፍኩ ዕለት ኖቫን ሸጬ አርፌ እቀመጣለሁ ትል ነበር» አለ። «ሜዳ በመጣን ቁጥር።»

«ሰው የሚለው ነገር ነዋ።»

«አንተ ያልከውን ታደርጋለህ። ብትሸጣት ቅዳሜን ምን ላደርግበት ነው? ሌላ ምን አለኝ፣ ቨርሊን?»

ቨርሊን ሳምንቱን ሙሉ ቅናት ነው፣ ከኮይ ጋር ዶልቶ ነው ሲል ከርሟል። ያ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ጠልቶት ይገላገል ነበር።

«ብትነግረኝ እኮ አልሸጣትም ነበር።»

ቨርሊን የግራውን ነፍቶ ወደ ቀኙ ዞረ።

«አባባ በመጨረሻዋ ሌሊት፣ እኔ ነርሷን ልጠራ ስወጣ አጠገቡ አንተ ነበርክ። ስለ ጎማው ጠይቆህ ነበር?»

«ጠይቆኛል።»

«ምን አልከው?»

«ጎማው ነው አልኩት።» ዶይል አይኑን አጥሩ ላይ ተከለ። «‹ይሄ ልጅ ጎማ መምረጥ አያውቅም› አለና ሳቀ።»

ቨርሊን የቫልቩን ክዳን ጠበቅ አድርጎ ዘጋ። የጋቢናውን በር ከፍቶ የወረቀቱን ከረጢት አወጣና ሣሩ ላይ አስቀመጠው። ሳንድዊቾቹ ሁለቱም አልተነኩም። ሞተሩን አስነስቶ ወጣ፣ በመስታወትም አላየም።

ዶይልን ቤቱ ያደረሰው ኮይ ራትሊፍ ነው።