ለሽንት ቤት ብቻ

ዳይሬክተሩ መሸሻ በርሜሉ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን «ለሽንት ቤት ብቻ» የሚል ማስጠንቀቂያ ናፍጣ በነካው ጨርቅ ፍቆ ፍቆ አጠፋው። የነቀምቴው መምህራን ማሰልጠኛ የውኃ ፓምፕ ናፍጣ አጥቶ ከቆመ ከርሟል። ቀለም ለማስለቀቅ ግን አልጠፋም።

የሳይንስ መምህሩ ጉሉማ ዳር ቆሞ ያያል። በርሜሉን የሠራው፣ ማስጠንቀቂያውንም የጻፈው እሱ ነው። የሴቶች ማደሪያ የልብስ እጣቢ በጠጠር፣ በአሸዋና በከሰል እያለፈ ሽንት ቤት እንዲያጥብ አድርጎታል። ውኃው ጠርቶ ሲወርድ ባየ ቀን እንደ ሕፃን ፈነደቀ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራ። ጠራ እንጂ አልነጻም። ተማሪዎቹን ሰብስቦ «እንዳትቀምሱት!» ብሎ አስጠነቀቀ። እነሱም ከከተማው በታች ካለው ወንዝ እየቀዱ መጠጣታቸውን ቀጠሉ፤ ሆዳቸውን እየታመሙም ቢሆን።

ዛሬ የናፍጣውን ነገር የሚወስኑ እንግዶች ከክፍለ ሀገሩ መጥተዋል። ጉሉማ የልጆቹን ሕመም ሊነግራቸው ቆርጦ ነበር። መሸሻ ቀደመው።

«በራሳችን ፈጠራ የመጠጥ ውኃ ችግራችንን ፈትተናል፣ ጓድ ማዘንጊያ!»

የእንግዶቹ አለቃ ማዘንጊያ ከበርሜሉ በብርጭቆ አስቀድቶ ወደ ብርሃን አነሣው። ውኃው እንከን አልነበረውም። ብርጭቆውን ለጉሉማ ዘረጋለት።

«ባለቤት ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም። ቅመስልና፣ ጓድ መምህር።»

በረንዳው ላይ እንዲያጨበጭቡ የተሰለፉት ተማሪዎች ዓይናቸውን ብርጭቆው ላይ ተከሉ። ጉሉማ ታላቅ ወንድሙን ባይሳን አሰበ። ባይሳ በአንድ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ይሄ ውሸት ነው» ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱ አልተመለሰም። እናታቸው ዛሬም ማታ ማታ የእራት ድርሻውን ታነሣለታለች። ሌላ ድርሻ እንድታነሣ ማድረግ አልቻለም፤ ፈራ፣ በመፍራቱም አፈረ።

ጠጣው። ምላሱ ሥር ሳሙና ሳሙና አለው።

ጭብጨባው ቀለጠ። ማዘንጊያ ረካ፤ እሱ ራሱ ግን አልቀመሰም።

«ናፍጣው ለመንግሥት እርሻው ይዙር» አለ ለጸሐፊው። መኪኖቹ አቧራ አስነሥተው ሄዱ።

መሸሻ የጉሉማን ትከሻ ይዞ ቀረ። «አንድ ቃል ብትተነፍስ ሁለታችንም አለቀልን» አለው በጆሮው።

ደራርቱ ጀሪካን አንጠልጥላ ከተማሪዎቹ ሰልፍ ወጣች። ከክሊኒክ የተመለሰችው በቀደም ነው፤ ቀሚሷ ሰፍቷታል። ጓደኞቿም ጀሪካን ጀሪካናቸውን እያነሡ ተከተሏት።

«ባርሲሳ ኮ» አለችው፤ መምህሬ ማለቷ ነው። ፊቷ በደስታ በርቷል። «ወንዝ መውረድ ቀረልን ማለት ነው?»

ጉሉማ በርሜሉን አየ። ጽሕፈቱ የነበረበት ቦታ በናፍጣ ያብረቀርቃል። አፉን ከፈተ። የመሸሻ ጣቶች ትከሻውን ጨመቁት።

ደራርቱ መልሱን አልጠበቀችም። ሲጠጣ አይታዋለች። ጎንበስ ብላ ቧንቧውን ከፈተች።