በምዕራብ በኩል የተፈለገው ልጅ

ሐዘን ሰውን የሚያውቀውን ያስረሳዋል ብዬ አምን ነበር። ባለቤቴ ኒልዳ ዕድሜዋን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሳለፈች መምህርት ናት። በየዓመቱ ፕላኔቶችን ከሽቦና ከወረቀት እየሠራች በክፍሏ ጣሪያ ላይ ትሰቅላቸው ነበር፤ ቬነስን ሁልጊዜ በቢጫ ጨርቅ ትለብጣታለች። ይህችው ሴት፣ ወንድ ልጃችን ሊሳንድሮ ከጠፋ ወዲህ፣ ታጣፊ ወንበሯን በብብቷ ይዛ በየምሽቱ ወደ ኮረብታው መውጣት ጀመረች። እዚያም ያችኑ ቬነስን ከሌላ ዓለም የመጣ መንኮራኩር ነው ከሚሉ ሰዎች ጋር ትቀመጣለች። ያወቀችው ሁሉ ከውስጧ ታጥቦ የሄደ መሰለኝ። የሰው ልጅ እውቀት እንደ ግድግዳ ቀለም ላይ ላዩን የተቀባ ነገር ነው፣ ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ የሚለቀው እሱ ነው እያልኩ ተፈላሰፍኩ። አዘንኩላትና ዝም አልኩ። ስለ እሷ ያሰብኩት ሁሉ ስህተት ነበር።

የምንኖረው በኮርዶባ ተራሮች ግርጌ ነው። የድንጋይ ካባው ተዘግቶ ባቡሩም ከቀረ በኋላ ለከተማችን የተረፋት ሰማዩ ብቻ ነው። የሆቴሎቻችን መብራቶች የበራሪ ሳህን ቅርጽ አላቸው፤ ዳቦ ቤቱ አረንጓዴ ፊት የተቀቡ ብስኩቶች ይሸጣል። በምዕራብ በኩል የተጋረደብንን ተራራ ኤል ሶርዶ፣ ደንቆሮው፣ እንለዋለን፤ ቢጮኹበት የገደል ማሚቶ አይመልስምና። በዚህ ሁሉ የሚስቅ ጎብኚ ብቻ ነው።

በአሮጌው የውኃ ታንከር አጠገብ የሚሰበሰቡት ሰዎች ራሳቸውን «ጠባቂዎቹ» ብለው ይጠራሉ። ሥርዓታቸውን ያወጣላቸው ኦቪዲዮ ባሪዮኑዌቮ ነው፤ ቀድሞ የአውቶቡስ ሾፌር፣ አሁን የጎብኚዎች መሪ፣ ድምፁ ትልቅ፣ ልቡ ክፋት የማያውቅ ሰው። ፀሐይ ከደንቆሮው ጀርባ እንደገባች ብርሃኑ በወይን ጠጁ ሰማይ ላይ ብቻውን ይታያል። ኦቪዲዮ ባትሪውን ሦስት ጊዜ ብልጭ ያደርጋል። ብርሃኑ በአድማሱ አየር ውስጥ ሲርገበገብ «መለሰልን!» ይላሉ። ዓይን በአንዲት ነጥብ ላይ ሲፈዝ ነጥቧ የምትዋልል ይመስለዋልና፣ «ወደ ግራ ሄደ፤ ቆመ፤ ተመለሰ» ይላሉ። በመጨረሻ ከተራራው ትከሻ ኋላ ሲሰወር «አረፈ» ይላሉ። በማግስቱ ከመካከላቸው አንዱ ይወጣና ያረፈበትን ቦታ በድንጋይ ክምር ያመለክታል። ቬነስ የምትጠልቅበት ስፍራ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ፣ ክምሮቹ በምዕራቡ ትከሻ ላይ ተከታትለው ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰልፍ ሠርተዋል። ኦቪዲዮ ይህን ሲተረጉመው «የጠፋበት ነገር አለ፤ እየፈለገ ነው» ይላል። ቬነስ በማትታይበት ወቅት ጁፒተር ትተካለች። ልዩነቱን የጠየቀ የለም።

ሊሳንድሮ ከአራት ዓመት በፊት፣ ብርዱ በጠናበት ወር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ወደ ደንቆሮው ወጥቶ አልተመለሰም። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። የእሳት አደጋ ፈቃደኞቹ መጀመሪያ በየአቅጣጫው ፈለጉት። ከዚያ ኦቪዲዮ፣ ልጁ በወጣበት ምሽት ብርሃኑን በምዕራቡ ትከሻ ላይ ከወትሮው ዝቅ ብሎ እንዳየው ተናገረ። ከፈቃደኞቹ እኩሌታው ጠባቂዎች ነበሩ። ፍለጋው ሁሉ ወደ ምዕራብ ዞረ። ምንም አልተገኘም፤ አለመገኘቱም ራሱ ማስረጃ ተደርጎ ተቆጠረ። ሞቶ ቢሆን ሬሳው ይገኝ ነበር፤ ካልተገኘ ተወስዷል። ከተማው በዚህ አመክንዮ ላይ ተኛበት።

በቤታችን ስለ እሱ ስናወራ «ነበር» አንልም፤ «ነው»ም አንልም። ስሙን ጠርተን ዓረፍተ ነገሩን እንተወዋለን። እበላለሁ፤ አነባለሁ፤ ጓሮውን አጠጣለሁ። እጄን የጋለ ምጣድ ቢያቃጥለኝ መቃጠሉን የማውቀው በማግስቱ ቆዳው ሲላጥ ነበር። ኒልዳም እንደዚሁ ትመስለኝ ነበር። ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ እንዲህ ሲደነዝዙ ጸጥታው ሰላም ይመስላል።

ዘንድሮ ብርዱ ሊገባ ሲል ሮሴንዶ ፋሪያስ በራችንን አንኳኳ። የፈቃደኞቹ አለቃ ነው፤ በወጣትነቱ ታሪክ አስተምሬዋለሁ። ቆቡን አውልቆ በጣቶቹ ያሽከረክረው ነበር።

«ግባ እንጂ» አልኩት።

«አይ መምህር፣ ጫማዬ ጭቃ ነው።»

ጭቃ አልነበረውም። ዝናብ ካየን ወራት ሆኖናል።

«ዶኛ ኒልዳ አሉ?»

«አለሁ» አለች ከወጥ ቤት። «ተናገር፤ እሰማሃለሁ።»

«በድርቁ የደንቆሮው የምሥራቅ ገደል ኩሬ ደረቀ። አንድ የፍየል እረኛ ወርዶ… አጥንት አገኘ። አንድ እግር ጫማም አለ። ከሁለት አንዳችሁ መጥታችሁ ብታዩት ብዬ ነው። ዛሬ ካልሆነም ግድ የለም። ስትችሉ።»

«በምሥራቅ በኩል?» አልኩ።

«በምሥራቅ። እዚያ ማን ወርዶ ያውቃል መምህር? ብርሃኑ እኮ በዚያ በኩል አርፎ አያውቅም።»

ይህን ሲል የሚያስደንቅ ነገር የተናገረ አልመሰለውም። እንደ ዝናብ አቅጣጫ፣ እንደ መንገድ ርቀት አድርጎ ነው የተናገረው።

ኒልዳ እጇን በፎጣ እየጠረገች ወጣች። «የኔ ልጅ እዚያ የለም» አለችው። «ስለ ልፋትህ ግን እግዜር ይስጥልኝ፣ ሮሴንዶ።» በሩን ራሷ፣ ድምፅ ሳታሰማ ዘጋችው።

ብቻዬን ሄጄ ማየት እችል ነበር። ነገር ግን እሷ ሳትቀበለው የምቀብረው ልጅ የእኔ ብቻ ልጅ ይሆናል፤ የእሷው በሰማይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሊሳንድሮዎች ሊኖሩን ነው። ለዚህ ጉልበት አልነበረኝም። ስለዚህ በዚያው ምሽት ወፍ የማይበትን የርቀት መነጽሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከተልኳት።

«ኧረ ኧረ፣ ማን መጣ!» አለ ኦቪዲዮ ገና ከሩቅ ሲያየኝ። «መምህር አቤላርዶ! መጻሕፍቱ ፈቀዱልዎት እንዴ?»

«ፈቀዱልኝ።»

«ምነው ታዲያ ባዶ እጅዎን? እኛ ጋ እኮ የሚበላ ሳይዝ የሚመጣ እንግዳ ሰማይ አይታየውም!»

«መነጽር ይዣለሁ።»

«መነጽር ይበላል? ፓውላ፣ በይ ለመምህር የተጠበሰ ሊጥ ስጫቸው፤ እይያቸው፣ አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል!»

ዳቦ ጋጋሪዋ ፓውላ ሳቀች፤ ሌሎቹም ሳቁ። ኒልዳ ወንበሯን ዘርግታ ፊቷን ወደ ተራራው አዙራ ተቀመጠች። ማቴ የሚባለው የቅጠል ሻይ በቅል ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር፤ ለእሷ ሲደርስ ጠጥታ መለሰች።

ብርሃኑ ታየ። ባትሪው ብልጭ አለ። መነጽሩን አነሣሁ። የማየውን አስቀድሜ አውቀው ነበር፤ ቢሆንም ትንሿ ነገር ጥርት ብላ ስትታየኝ መነጽሩን ማውረድ አልፈለግሁም። ቬነስ በዚያ ሰሞን ወደ ፀሐይ እየቀረበች ስለነበር እንደ ተቆረጠ ጥፍር የቀጠነች ማጭድ ሆናለች።

«ኦቪዲዮ፣ ና ይህን እይ» አልኩት። «እንደ ጨረቃ ጎድላለች፤ አየህ? ቬነስ ናት። ፀሐይ የምታበራላት ጎኗን ብቻ ነው። መንኮራኩር አይደለችም። አርፋም አታውቅም፤ ትጠልቃለች እንጂ።»

ኦቪዲዮ መነጽሩን ወስዶ ረጅም ጊዜ አየ። አፉ ቀስ እያለ ተከፈተ።

«እናቴ ድረሽ!» አለ። «ጎኑን ሰጥቶናል! ወገኖች፣ በጎኑ ዞሯል!»

መነጽሩን ተሻሙት።

«ውይ፣ እውነትም ቀንድ አለው!» አለች ፓውላ።

«ቀንድ አይደለም፣ ክንፍ ነው» አለ ከጀርባዋ የቆመ ሰውዬ።

«የአማትሽ አገጭ ነው!» አለ ኦቪዲዮ፤ ሜዳው በሳቅ ተናጋ።

«ፕላኔት ነው የምላችሁ!» አልኩ። ድምፄ ክፍል ውስጥ ሲያመልጠኝ እንደነበረው ቀጥኖ ወጣ።

«እሺ መምህር፣ እርስዎ ካሉ ፕላኔት ይሁን» አለ ኦቪዲዮ በእውነተኛ ትሕትና። «ታዲያ እነሱ ከየት የሚመጡ መስሎዎት ነው? ከፕላኔት አይደል እንዴ?»

ማስረጃ ሁሉ ለእምነቱ ሲሳይ ለሚሆንለት ሰው ተጨማሪ ማስረጃ መስጠት እሳት ላይ ማገዶ መጨመር ነው። መነጽሩን ተቀብዬ ለኒልዳ ሰጠኋት። እሷን ነበር ለማሳመን የመጣሁት። ጭኗ ላይ አኖረችው እንጂ ወደ ዓይኗ አላነሣችውም።

«ጥቂት ሳምንት ነው የቀራት» አለች፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ። «በፀሐይና በእኛ መካከል አልፋ ትሄዳለች። ከዚያ ንጋት ላይ ነው የምትወጣው። እነዚህም ‹ተመለሰ› እስኪሉ ሌላ ያገኛሉ።»

ተነሥታ ወንበሯን አጠፈች። ለሁሉም ደህና እደሩ ብላ ቁልቁለቱን ጀመረች። ተከተልኳት። ጥቂት ከሄድን በኋላ፣

«ታውቂያለሽ» አልኩ።

«አቤላርዶ፣ ለዚህ ከተማ ልጅ ሁሉ ፕላኔቶቹን ያስተማርኩት እኮ እኔ ነኝ። የኦቪዲዮን ልጆች ጭምር።»

«ታዲያ ለምን ትመጫለሽ?»

«እዚያ ማንም እኔን አያይም። ሁሉም ወደ ላይ ነው የሚያየው። ቤት ስሆን አንተ እኔን ታያለህ።»

መንገዱ ጠጠር ነበር፤ ክንዷን ልይዛት ብዬ ተውኩት።

«ያኔ ኦቪዲዮ ወደ ምዕራብ ሲጠቁም አጠገቡ ቆሜ ነበር» አለች። «ጁፒተር ነበረች። ‹ፕላኔት ናት፣ አታርፍም፣ በየአቅጣጫው ፈልጉት› ማለት እችል ነበር። ይሰሙኝ ነበር። ግማሾቹን ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ።»

«ለምን አላልሽም?»

«ሌሊት ሌሊት በረዶ ይጥል ነበር። ልጁ ስስ ሹራብ ነው የለበሰው። በሕይወት እንደሌለ አውቄያለሁ። ከዚያ በኋላ የሚያገኙት ምን እንደሆነም አውቃለሁ።» ቆመች። «ወደማይኖርበት ይሂዱልኝ አልኩ። እንዳያገኙት ፈለግሁ። በቃ።»

ቁጣ መምጣት ነበረበት። ቆሜ ጠበቅሁት። በመጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው ይጮኻል፣ ወይም ይወድቃል፣ ወይም የሚወዳትን ሴት አንገት ያንቃል። እኔ ግን የተሰማኝ የጉልበቴ ሕመም ብቻ ነበር፤ እሱም ከቁልቁለቱ ነው። ለአራት ዓመት እውቀቷን የነጠቃት ሐዘን ነው ስል፣ ለካ እውቀቷ ሁሉ ሙሉ በሙሉ ከእሷ ጋር ነበረ። እንደ ጠባቂ ቆማ መንገድ የዘጋችበት በዚያው እውቀት ነው።

«ጫማው የኔ ነው» አልኩ በመጨረሻ። «ያን ቀን ወደ ተራራው ሊወጣ ሲል የሰጠሁት አሮጌ ጫማዬ ከሆነ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው አንተ ማየት ያለብህ።»

«አንቺስ?»

«አሁንማ ተነገረ» አለች። «የተነገረ ነገር መልሼ አልደብቅም። እመጣለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ ፈቃደኞቹ ጣቢያ ሄድን። ሮሴንዶ ጫማውን በአሮጌ ጋዜጣ ላይ አኑሮታል። ቆዳው ደርቆ እንደ ቅርፊት ተጨማዷል፤ ክሩ የለም። አንሥቼ ገለበጥኩት። ተረከዙ በውጭ በኩል ተበልቷል፤ የእኔ እግር ከወጣትነቴ ጀምሮ ጫማ የሚበላው እንደዚያ ነው። ልጄን የለየሁት በራሴ አረማመድ ነበር።

«የሱ ነው» አልኩ።

ሮሴንዶ ቀና አላለም። «በትልቁ ከተማ ያሉት ሐኪሞች አጥንቱን አይተው ማረጋገጥ አለባቸው፣ መምህር። ደንቡ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ኒልዳ እጇን ወደ ጫማው ውስጥ እስከ አንጓዋ አስገባች፤ ቆየች፤ አወጣች። አላለቀሰችም። «ያረጋግጡ» አለች። «ከዚያ በቶሎ ስጡን።»

ሐኪሞቹ አረጋገጡ። ሊሳንድሮን በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በከተማው መካነ መቃብር ቀበርነው፤ ኒልዳም በድንጋዩ ላይ ከስሙ ሥር የሞተበትን ወርና ዓመት አስቀረጸች።