አጥር ላይ የከረመ ካፖርት

«ካፖርቱ ለአራዳው ሱቅ ይሰጥ፤ በቃ» አለች ውዴ፣ የሟቹን ልብስ እያጣጠፈች። «ወይዛዝርቱ ሸጠው ለሙት ልጆች ያውሉታል። የሚገዛውም ደህና ሰው ነው። ለያችኛዋ ሱቅ ብትሰጫትስ ማን ደፍሮ ይገዛል፣ እታለም?»

ታላቅ እኅቷ ባንቺአየሁ ካፖርቱን ታያለች። አንድ ልጇ አላምረው መተማ ወርዶ ንዳድ ይዞት መጣ፤ ቀበረችው፤ ዛሬ ሠልስቱ ነው። በቤቱ ወግ የሟች ልብስ በሠልስት ይወጣል፤ ለማን እንደሚሰጥ የምትቆርጠው እናት ናት።

ያችኛዋ የተባለችው ከተማው ዳር ያለች ሱቅ ናት። የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለመርዳት ሰልባጅ ትሸጣለች። ጎንደሬው ግን ልብሱ ደዌውን ያመጣል ብሎ በሩቁ ይሸሻታል። አላምረው ይህን ካፖርት የገዛው ከዚያ ነበር። የገዛው ዕለት ባንቺአየሁ በር ላይ ቆማ፣ «ይህን ይዘህ እኔ ቤት አትገባም» አለችው። እሱ መች ይቆጣል፤ አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለው።

«ሁሉም እንዳንቺ ካለ ሕሙማኑ ምን ይበላሉ፣ እማ?» ብሎ ሳቀ።

ክረምቱን ሙሉ ካፖርቱ አጥር ላይ እያደረ ዘነበበት። ልጁ ማለዳ ማለዳ እርጥቡን ለብሶ ይወጣ ነበር። ንዳድ ነው የገደለው ይሏታል፤ ያ ሁሉ ብርድስ? አሁን አንጀቷን የሚበላት ይኸው ነው።

ድንገት የዚያች ሱቅ ሻጭ እናኑ ለቅሶው ዳስ ውስጥ ገባች። ለቀስተኞቹ ሴቶች ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ፈቀቅ አሉ። እሷ እቴ፣ ለምዳዋለች፤ ጥግ ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እግዜር ያጥናዎ፣ እሜቴ። የሚገዛን ሰው ሲጠፋ እሱ ነበር የሚመጣ» አለች።

ባንቺአየሁ ቀና ብላ አየቻት።

«የለበስሽው ነጠላ ከሱቁ ነው?»

«አዎ።»

«ሽጭልኝ።»

«ምነው እታለም፣ ሰው ምን ይላል?» ብላ ውዴ ክንዷን ያዘች።

ባንቺአየሁ ክንዷን አስለቅቃ ተነሣች። ካፖርቱን ከውዴ ጭን አንሥታ ለእናኑ ሰጠቻት። የራሷን አዲስ ነጠላ አውልቃ እናኑ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችና የእናኑን ለበሰች። እንደ ሐዘንተኛ ወግ ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ አፍና አፍንጫዋን ሸፈነችበት። ከዚያም እናኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ልጄን ልጄን እያለች አለቀሰችበት።