ከአቧራው ውስጥ የታየው መብራት

ኖሪን በዚያ ቅዳሜ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስታ ሻይ አፈላች። ለሁለት ሰው የሚበቃ ዳቦ ቆርጣ ቅቤ ቀባችና ከትናንት የተረፈውን የበግ ጥብስ በመሐሉ አደረገች። ባሏ ዳርሲ የልብ ክኒኖቹን አንድ በአንድ ዋጠ፤ ከዚያ ጓሮ ወጥቶ የሁለቱንም መኪኖች ዘይትና ውሃ አየ። ውሻውን ለጎረቤት ሰጡ።

“ምላስህ ሥር የምትረጨውን መድኃኒት ይዘሃል?” አለችው።

“ደረት ኪሴ ውስጥ ነው።”

“እስቲ አሳየኝ።”

“አንቺ ሴትዮ፣ ፖሊስ ሆነሽ ቢሆን ኖሮ በዚህ አገር ሌባ አይኖርም ነበር” አለና ኪሱን መታ መታ አደረገላት።

ባለፈው ዓመት በልቡ የደም ሥር ውስጥ ትንሽ ቱቦ አስገብተውለታል። ሐኪሙ መኪና መንዳት አልከለከለውም፤ ብቻህን ጫካ አትግባ ነው ያለው። ዳርሲ ደግሞ በየወሩ ጫካ ለጫካ በሚነዳ የፎር ዊል ድራይቭ ክለብ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጭራ ሆኖ የነዳ ሰው ነው። ጭራ የሚሉት ከሁሉ ኋላ የሚመጣውን መኪና ነው፤ የተበላሸ የሚጠግነው፣ የተቀረቀረ የሚጎትተው፣ መንገድ ላይ የወደቀ የሚያነሳው እሱ ነው። ተው ቢሉት አልሰማም አለ። በመጨረሻ የክለቡ መሪ ክላይቭ አንድ መላ አገኘ፦ ዳርሲ በአሮጌዋ መኪና ጭራ ይሁን፣ ኖሪን ደግሞ በአዲሷ ከፊቱ ትንዳ።

“ሕጉን ታውቂዋለሽ” አላት ክላይቭ። “ከዚያ በላይ ጠባቂ አያስፈልገውም።”

ሕጉ ቀላል ነው። መገንጠያ ላይ የደረሰ ሁሉ ከኋላው ያለውን መኪና በዓይኑ እስኪያይ ይቆማል፤ ሳያይ አይታጠፍም። ከፊት ስላለው የሚጨነቅ የለም፤ እያንዳንዱ የሚጠየቀው ከኋላው ስላለው ነው። ሁሉም ካለፈ በኋላ ዳርሲ በሬዲዮ “ጭራ አልፏል” ይላል፤ ክለቡም ይቀጥላል። በዚህ ሕግ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ጠፍቶባቸው አያውቅም።

ሰባት መኪኖች ተራራው ግርጌ ካለው ዳቦ ቤት ተገናኙ። ለጫካው መንገድ እንዲመች የጎማቸውን አየር ቀነሱና በረጃጅሞቹ ባሕር ዛፎች መሐል ሽቅብ ወጡ። ዝናብ ከጣለ አምስት ሳምንት አልፎት ስለነበር መንገዱ ዱቄት ሆኗል። አቧራው ከዛፉ ጥላ ሥር ተንጠልጥሎ ይቀራል እንጂ አይበተንም።

ስድስት ሰዓት ገደማ ኖሪን አንድ ቅርንጫፍ ግማሹን መንገድ ይዞ ተጋድሞ አገኘች። መሪዋን ወደ ዳር ይዛ አለፈችው።

“ቅርንጫፍ አለ፤ በግራ እለፈው” አለችው በሬዲዮ።

“አየሁት። ላንሳው።”

“ተወው ዳርሲ። መንገዱ ያሳልፋል እኮ።”

“ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው አለ። አንድ ደቂቃ።”

ሸንተረሩን ዞራ መገንጠያው ላይ ቆመች። ቀኙ ወደ ወንዙ፣ ወደ ምሳው ይወርዳል፤ ግራው ወደ ድሮው እንጨት መሰንጠቂያ ይሄዳል። አምስት ደቂቃ ጠበቀች። ዳርሲን ጠራችው፤ ሬዲዮው ከመንሿሿት በቀር መልስ አልሰጣትም። ሸንተረር በመሐል ሲገባ እንዲህ መሆኑ የተለመደ ነው።

“ኖሪን እመቤቴ” አለ ክላይቭ ከታች፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ “እዚያ ቤት ልትሠሪ ነው እንዴ? ቋሊማው አረረ።”

“ዳርሲን እየጠበቅሁ ነው። ቅርንጫፍ ያነሳል።”

“በቃ፣ ዳርሲና ቅርንጫፍ ከተገናኙ ምሳ የለም።”

ሳቀች። ያኔ ነው በኋላ ማያ መስታወቷ ከአቧራው ውስጥ ሁለት ቢጫ መብራቶች ሲመጡ ያየችው። የአሮጌዋ መብራት ቢጫ ነው። መጣልኝ አለች በልቧ፤ ትንሽም ተናዳበት ነበር። ማርሽ አስገብታ ወደ ቀኝ ታጠፈች።

ሕጉ መኪናውን እይ ይላል። እሷ ያየችው መብራት ነው።

ቁልቁለቱ ሁለት እጅና ሙሉ ልብ የሚጠይቅ ነበር። “ጭራ አልፏል” የሚለውን አልሰማችም፤ ሬዲዮው እንደተቋረጠ ነው ብላ ወረደች።

ወንዙ ዳር ክላይቭ የእሳት መቆንጠጫውን እንደያዘ መኪኖቹን ቆጠረ። “ዳርሲስ?”

“ከኋላዬ ነው።”

ሁሉም ወደ መንገዱ ዞሩ። የእሷ አቧራ ቀስ እያለ ወደ መሬት ተመለሰ። መንገዱ ጥርት ብሎ ታየ፤ ምንም አልነበረበትም።

“ከኋላዬ ነበር” አለች ኖሪን።

ክላይቭ ቁልፉን ከእጇ ወስዶ ራሱ ነዳ። ሽቅቡ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ቅርንጫፉ ከመንገዱ ወጥቶ በሥርዓት ዳር ተደርጓል። ዳርሲ ተደግፎት ተቀምጧል። ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ፣ መድኃኒቱ በግራ እጁ ውስጥ ነበር። የአሮጌዋ ሞተር አልጠፋም። ገላው ይሞቃል። ክላይቭ ክንዱ እስኪዝል ደረቱን ተጫነ፤ ኖሪን ትንፋሽ ሰጠችው፤ ሌሎቹም ደርሰው ተቀባበሉ። የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር የመጣው ስምንት ሰዓት ሲሆን ነው። አብራ የመጣችው ሐኪም “ሰው ቶሎ ደርሶለት ቢሆን…” ብላ ጀመረችና ተወችው። የቀረውን ኖሪን ራሷ ጨረሰችው፤ እስከ ዛሬም ትጨርሰዋለች።

በሳምንቱ አንድ ሰው በፒክአፕ እንጨት ጭኖ በሯ ላይ ቆመ። ቨርን እባላለሁ አላት፤ እንጨት ቆራጭ ነው። የመኪናው መብራቶች ቢጫ ነበሩ።

“ያን ቀን ባለቤትዎን ያለፍኳቸው እኔ ነኝ” አለ። “ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን አነሱልኝ። እኔም አነሳሁላቸው። ጫካ ውስጥ የተገናኘ ሁሉ እጁን ያነሳል፣ እርስዎም ያውቃሉ። ሰላምታ ነው ያልኩት። ከዚያ መገንጠያው ላይ እርስዎን አየሁ፤ እርስዎ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ።”

“እኔም አንተን እሱ ነው ብዬ ነው የሄድኩት” አለችው።

ቨርን ወደ ፒክአፑ ተመለሰ። ከዚያ እንጨቱን ከግድግዳው ሥር በሥርዓት ደረደረላትና ሄደ።

ክላይቭ ሦስት ጊዜ መጥቷል። የቀለድኩት እኔ ነኝ፣ ያጣደፍኩሽ እኔ ነኝ ይላል። ኖሪን አይደለም ትለዋለች፤ ሕጉ ለቀልድ ቦታ እንደሌለው ሁለቱም ያውቃሉ።

በመኸር መጨረሻ አሮጌዋን ሸጠቻት። ክለቡ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ይወጣል፤ እሷ ግን አትወጣም። ወደ ገበያ ስትነዳ መታጠፊያ ላይ ትቆማለች፤ መስታወቷን ታያለች፤ ሌሎች ጡሩንባ ሲነፉባት ትታጠፋለች።

ዳቦ የምትቆርጠው ለአንድ ሰው ነው። ጓሮው ውስጥ አንድ መኪና አለ። ከኋላዋ የሚመጣ የለም።