ከሌዘሩ ስድስት ሳምንት በኋላ

እና ታዲያ ልቤ እንዲህ የሚደልቀው ለምንድን ነው፣ መርፌ የለ፣ መቀስ የለ፣ ሌዘሩ እንደሆነ ከተሠራልኝ ስድስት ሳምንት አልፎታል፣ ዛሬ የዓይን ግፊት ልኬት ብቻ ነው፣ አንድ ቁጥር፣ ዶክተሯ ቁጥሩን ትናገራለች፣ ወይ ወደ አውቶብሴ እመለሳለሁ ወይ ስምሪት ክፍል ተጎልቼ የሰው አውቶብስ ስመዘግብ ጡረታዬ ይደርሳል። ይኸው ነው። ይኸው ብቻ።

አጠገቤ ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድም ጋሼ ተቀምጧል፣ ከዘራውን ጉልበቶቹ መሃል አቁሞ ብቻውን ፈገግ ይላል፣ ምን ያስቀዋል ይኼን ሰውዬ፣ ቀኝ ዓይኑ ጭርሱን ጠፍቷል፣ በግራው ጭላንጭል ብቻ ነው የቀረችው፣ ጠዋት ግን በሬን አንኳኩቶ ተነሺ፣ ይዤሽ የምሄደው እኔ ነኝ አለኝ፣ ማን ማንን ነው የሚይዘው ወንድም ጋሼ? ሹፌሯ አንቺ፣ ረዳቱ እኔ፣ አለ፣ እውነትም ታክሲ ውስጥ በየፌርማታው ወራጅ አለ እያለ ሰዉን በሳቅ ገደለው፣ እኔ በሀፍረት ቀልጬ፣ በሆዴ ግን እየሳቅሁ።

ሦስት ወር ቢሆን ነው። የመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ የጤና ምርመራ፣ መነጽር ይለውጡልኛል ብዬ ዘው አልኩ፣ የወጣሁት ወረቀት ይዤ ነው፣ በሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ከፍተኛ ግፊት የተገኘ በመሆኑ ለተጨማሪ ምርመራ ተልከዋል፣ ተልከዋል ይላል፣ እንደ ዕቃ፣ ቀኝ ሠላሳ አንድ፣ ግራ ሃያ ስምንት። የመሥሪያ ቤቱን ሐኪም፣ ዶክተር፣ ስንት ነው ደህናው? አልኳት። አብዛኛውን ጊዜ ከሃያ አንድ በታች። አለቀልኝ አልኩ። ግን እኮ አላመመኝም፣ አልቀላም፣ አላለቀሰም፣ እንዲያውም እንቅልፍ ሲያምረኝ ነው ዓይን እንዳለኝ ትዝ የሚለኝ፣ ግላኮማ እንደዚህ ነው አለችኝ፣ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም፣ ዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ መውጫው እምቢ ሲለው ግፊቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ የዓይን ነርቭን ይጎዳል፣ እይታ ከዳር ከዳር ይጠፋል። ከዳር! ለሹፌር! ስፖኪዮው ያለው የት ሆነና።

ከቤተሰብ ይኼ ችግር ያለበት ሰው አለ ወይ? አለችኝ።

አለ። መንዳት ያስተማረኝ ወንድም ጋሼ አለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ የጭነት መኪናው ወንበር ላይ ሁለት ትራስ ደርቦ አስቀመጠኝ፣ ማርሽ በጉልበት አይደለም በጆሮ ነው የሚገባው፣ ስሚው፣ እሱ ራሱ ይነግርሻል እያለ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ዕቃ ሲያመላልስ የሰው ዶሮ እንኳ አልገጨም፣ ከዚያ ኋላ ላይ ጎንና ጎኑን ለማየት አንገቱን ሙሉ በሙሉ እያዞረ ማየት ጀመረ፣ ሰውዬው ኮራ አልን፣ ጎረቤት ሲያልፍ ሰላም አይልም አልን፣ አንድ ቀን የራሱን ግቢ ምሰሶ ገጭቶ ወረደና፣ ምሰሶው ነው የመጣብኝ አለ፣ ሳቅን፣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን እኮ፣ ለካ እውነቱን ነበር፣ ለእሱ ድንገት ነው የመጣበት። ሐኪም ቤት ሲሄድ የጠፋው አይመለስም አሉት፣ የቀረውን ግን እናቆየዋለን ብለውት ነበር፣ እሱ የሰማው ግማሹን ነው፣ ጠብታውን ወረወረ፣ ይኸው ዘጠኝ ዓመት፣ ተው ሂድ ስንለው፣ ለሞተ ዓይን ሐኪም ምን ይሠራለታል ይልና ወደ ቀልዱ።

የእኔን ስነግረው ግን አልቀለደም። ወንድም ጋሼ ሳይቀልድ በሕይወቴ የዚያን ቀን ነው ያየሁት። ሂጂ አለኝ። ነገ እሄዳለሁ ስለው፣ ነገ አይደለም፣ አሁን፣ ጫማሽን አድርጊ።

ዓይን ሐኪም ቤት መጀመሪያ ጠብታ ሰጡኝ፣ ዓይኔን ለበለበው፣ የጠዋት ፈረቃ ሲሆን እረሳዋለሁ፣ ሳልረሳው ዓይኔን እስተውና ጉንጬ ላይ ይወርዳል፣ ጉንጬ ነው የታከመው፣ የዓይን ዶክተሯም በሌዘር ብንሞክረውስ አለች። ሌዘር! እኔ የታየኝ ብረት የሚቆርጠው ነው፣ ወንድም ጋሼ ይባስ ብሎ፣ እንደ ላሜራ ሊበይዱሽ ነው እንግዴህ፣ ጭስ እንዳታበዢባቸው። እሷ ግን ረጋ ብላ፣ አንቆርጥም፣ አንሰፋም፣ ፈሳሹ የሚወጣበትን ማጣሪያ በብርሃን ነካ ነካ እናደርገዋለን፣ ሥራው እንዲነቃ፣ ይኼው ነው፣ ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም፣ ቢሠራም ከዓመታት በኋላ ሊደክምና ሊደገም ይችላል፣ አልዋሽዎትም። አልዋሽዎትም ስላለችኝ ነው እሺ ያልኳት።

ማደንዘዣ ጠብታ፣ አገጭ እዚህ፣ ግንባር እዚያ፣ ዓይኔ ላይ ቀዝቀዝ ያለች ትንሽ መስታወት አሳረፈች፣ መጨፈን ብፈልግም አልችልም፣ ጠቅ፣ አረንጓዴ ብልጭታ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ አያምምም፣ ትንሽ ይቆነጥጣል እንጂ፣ እኔ ፍርሃቴን ለማባረር መስመሬን መንዳት ጀመርኩ፣ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ድልድዩ፣ ቆዳ ፋብሪካው፣ በየብልጭታው አንድ ሰው እያወረድኩ፣ የመጨረሻው ፌርማታ ሳልደርስ ጨርሰናል አለችኝ። ምኑን? ሁለቱንም። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እስከ ማታ ትንሽ ጭጋግ ነገር፣ በማግስቱ እሱም የለም፣ ውጤቱን በስድስት ሳምንት እናያለን፣ እስከዚያ መንዳት የለም ተባለ።

ስድስት ሳምንት! ስምሪት ክፍል፣ ባለሦስት እግር ወንበር፣ አራተኛው እግር ካርቶን ነው፣ ውጪ ሞተር ሲነሳ የማን አውቶብስ እንደሆነ በድምፁ አውቀዋለሁ፣ የእኔን አውቶብስ ጡሩምባ ብለን ለምንጠራው ባልደረባችን ሰጡት፣ ሰው ባየ ቁጥር ጡሩምባ የሚነፋው፣ እየነፋ ሲያልፍ የእኔን ልጅ ሌላ ሰው የሚቆጣት ይመስለኛል፣ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ፣ ቀስ በላት አንተ!

ይግቡ ትላለች ነርሷ። ወንድም ጋሼ ክንዴን ይይዛል፣ ወራጅ አለ ይላል በጆሮዬ፣ ዝም በል እባክህ፣ እንገባለን፣ እቀመጣለሁ፣ አገጬን አስደግፋለሁ፣ ዶክተሯ ትጠጋለች፣ ትንፋሽዎትን አይያዙ ትለኛለች፣ መያዜን አላወቅሁም፣ ትለካለች፣ እንደገና ትለካለች፣ ለምን እንደገና? የመጀመሪያው ምን ነበረው? አምላኬ፣ ካርቶን የተደገፈው ወንበር ታየኝ፣ እላዩ ላይ ያው እኔው ነኝ ጸጉሬ ሸብቶ።

ቀኝ አሥራ ሰባት፣ ትላለች። ግራ አሥራ ስድስት።

ስንት?

አሥራ ሰባትና አሥራ ስድስት፣ እንኳን ደስ አለዎት።

ተነሳሁ፣ ወንበሩ ተንሸራተተ፣ የዶክተሯን ጉንጭ ሳምኩ፣ የነርሷን ሳምኩ፣ ማሽኑንም ልስመው ነበር፣ ወንድም ጋሼ እጁን ዘርግቶ፣ የታለሽ፣ የታለሽ አንቺ፣ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፣ እስቃለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ አፍንጫዬ ይፈሳል፣ ዶክተሯ ደግሞ እየሳቀች ትጽፋለች፣ የዳር እይታ ምርመራዎትም ባለበት ነው፣ ለመንዳት ይበቃል፣ ተሽከርካሪ ከማሽከርከር የሚያግዳቸው የእይታ ጉድለት አልተገኘባቸውም፣ ማኅተም፣ ጧ! እንዴት ያለ ደስ የሚል ድምፅ ነው፣ ግን በየአራት ወሩ እንዳይቀሩ፣ ድኛለሁ ብለው እንዳይጠፉ፣ አልጠፋም፣ ከፈለግሽ በየሳምንቱ፣ ከፈለጉ ማለቴ ነው፣ ነገ፣ ነገ ማለዳ ቁልፌን እቀበላለሁ፣ ጡሩምባ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦታል፣ ወደ ፊት እመልሰዋለሁ፣

ዶክተር።

ወንድም ጋሼ ነው። ድምፁ ሌላ ነው፣ ረዳቱ አይደለም፣ ቀልደኛው አይደለም።

እኔስ?

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወደ እሱ ትዞራለች። ከታከሙ ስንት ጊዜ ሆነዎት? ዘጠኝ ዓመት፣ ብልጭ የምትል ጭላንጭል ነች ያለችኝ፣ ለእሷ ብዬ አላስቸግራችሁም ብዬ ነው እንጂ፣ ዶክተሯ ታቋርጠዋለች፣ በትሕትና፣ ግን ታቋርጠዋለች፣ አባቴ፣ የሄደውን አልመልስልዎትም፣ እኛ የምንጠብቀው እሷኑ የቀረችውን ነው፣ ሌዘር ይሁን ጠብታ ወይ ቀዶ ሕክምና አይተን እንወስናለን፣ መጀመሪያ ግን ይቀመጡ።

ከዘራውን ይሰጠኛል። ዘጠኝ ዓመት የለመንኩት ሰውዬ፣ እናታችን የለመነችው፣ በእጁ ወንበሩን ዳብሶ ይቀመጣል፣ ነርሷ ጠብታ ታደርግለታለች፣ ትንሽ ያቃጥላል ወይ? ይላል፣ ትንሽ፣ ወንድም ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ፣ አገጩን ያስደግፋል፣ ትልቁ አገጩ ማሽኑ ላይ አልበቃ ይላል፣ ወዴት ልይ? ቀጥታ ወደ ፊት። መብራት ወደ ግራ ዓይኑ ይጠጋል።



ሰማያዊ፣ ይላል ቀስ ብሎ። ክብ ነገር። ሰማያዊ ነው፣ ተሳሳትኩ?

አልተሳሳቱም፣ ሰማያዊ ነው።

አንቺ ሰማሽ? ሰማያዊ ነው! እየሳቀ ነው፣ ትከሻው፣ ሆዱ፣ አገጩ ይንቀጠቀጣል፣ አይንቀሳቀሱ አባቴ ትላለች ራሷም እየሳቀች፣ መለካት አቃታት፣ እኔ ከዘራ ታቅፌ ግድግዳ ተደግፌአለሁ፣ ነርሷ መሀረብ ታቀብለኛለች፣ እንደገና እንሞክር ትለዋለች፣ እሺ ይላል፣ እንደ ልጅ፣ እሺ፣ ወንድም ጋሼ ለሐኪም እሺ ይላል፣ አገጩን ያስተካክላል፣ ዓይኑን ይከፍታል፣ እሺ።