ቀይ ክር የታሰረበት ዋንጫ

እማማ እመቤቴ በባዶ ሆዳቸው ኮሶውን በጥብጠው፣ አማትበው፣ ዋንጫውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ይርጋ ጎንበስ ብሎ ገባ። ይርጋ በጣሊያኖቹ ሐኪም ቤት አስተርጓሚ ነው።

«ምነው እማማ! ኮሶ ነው?»

«ኮሶ ነዋ! ያ ሐኪምህ ሳንባዬ ላይ በራጅ አየሁት ያለውን ፍሬ ጠርጎ ያወጣልኛል።»

«ኮሶ የሆድ ነው እንጂ የሳንባ ነው እንዴ?»

«ሆድና ሳንባ ጎረቤት አይደሉ?»

ይርጋ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁን ዋጠው። ቤቱ ጭር ብሏል። አረቄ የሚወጣበት እሳት መሐል ቤት ይጤሳል። መደቡ ጥግ አንዲት ትንሽ ቁርበት ተጠቅልላ ቆማለች።

«ሠርካለምስ?»

«ገሳይ አገር፣ አክስቷ ዘንድ ሰደድኋት። በሽታዬ ይያዛት?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናቷን ቀበርሁ፣ አባቷ ዱር ገባ። የልጅ ልጄ ብቻ ናት የቀረችኝ።»

ተሳስታ እንዳትጠጣበት ዋንጫቸው ላይ ቀይ ክር አስረውበት ነበር። ልጅቱ ከሄደች ሦስት ሳምንት ሆነ፤ የሚሳሳት ሰው የለም፤ ክሩ ግን አለ።

«ያን ቀን ነግሬዎት የለም? ምስር የምታህል እብጠት ናት፤ በሰው አትጋባም፤ ክፉም ላትሆን ትችላለች። ብቻ ትጠበቃለች። ከጢስ ይራቁ፣ ሱረቱን ይተዉ፤ ጎመኑንም እንቁላሉንም ይብሉ፣ ጠዋት ጠዋት ቀስ ብለው ይራመዱ፤ ከሦስት ወር በኋላ ዳግመኛ ትታያለች፤ አለ እኮ ሐኪሙ!»

«አንተ ‹ሳንባ› ካልህ ወዲያ መች ሰማሁህና! ደግሞስ በሁዳዴ እንቁላል?»

«የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ፤ ሕሙም ይፈቀድለታል።»

እማማ እመቤቴ ወደ ትንሿ ቁርበት ዞረው አዩ። ልጅቱ የሄደች ዕለት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ ሳይስሟት ነበር የሸኟት። እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ዞር ዞር እያለች አይታቸዋለች።

«አትጋባም አልህ?»

«አትጋባም።»

«በማርያም?»

«በማርያም!»

ኮሶውን ጓሮ ወስደው ደፉት። ተመልሰው እሳቱ ላይ ውኃ ቸለሱበትና ጉልቻውን በጨርቅ ይዘው ወደ ደጅ ይጎትቱ ጀመር።

ይርጋ ሁለተኛውን እያነሣ፣ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባል የለም?» አላቸው።

«ወጡ ምን አገባኝ! ልጅቱም ሳንባ አላት። ይልቅ ዛሬ ቅዳሜ አይደል? አክስቷ አበበች ገበያ መጥታለች፤ ሮጠህ ድረስባት። ነገ ልጄን ይዛልኝ ትምጣ።»

እሱ ሲወጣ ዋንጫውን ደጋግመው አጠቡ፤ ክሩንም በጥርሳቸው በጠሱት።