የግራ እጅ ስፌት

እኔ በመናፍስት ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም። አንድ ሰው "በሩ ራሱን ከፈተ" ሲለኝ "ቁልፉን አሠራዋ" ብዬ የማልፍ ነኝ። ይህንን የማወራው ቸግሮኝ ነው።

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ግራኝ ነው። በቀኝ እጁ የሚሰፋ ሰው ሱሪ ሲዘመዝም ክሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ የእሱ ደግሞ ወደ ሌላው። ደንበኛ ይህን አያስተውልም። እኔ እህቱና ሚስቱ ግን ጨርቁን ገልብጠን በአውራ ጣታችን ብቻ ዳብሰን የማን ስፌት እንደሆነ እናውቃለን። ሚስቱን "ሙሽሪት" እላታለሁ። ፀጉሯ ሸብቶም ለእኔ ሙሽሪት ናት።

ሱቃችን ጠባብ ናት፦ ሁለት የስፌት መኪና፣ ረጅም መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ካውያ፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ የእሱ ወንበር። በደረት ሕመም ሲማቅቅ ቆይቶ ከሞተ በኋላ ሁለታችን ቀጠልን፤ እሷ መኪናው ላይ፣ እኔ የእጅ ስፌቱ ላይ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ማታ ለክተን ስፒል ብቻ ሰክተን የተውነው ሱሪ ተዘምዝሞ ጠበቀኝ። የእጅ ስፌት የእኔ ሥራ ነው፤ ሙሽሪት ገባችበት ብዬ ተቆጣሁ። እሷም ለካ እኔ ቀድሜያት ገብቼ የሰፋሁት መስሏት ኖሯል። ቁልፍ ያለን ሁለታችን ብቻ ነን፤ ስለዚህ እስከ ምሳ ሰዓት ተኮራርፈን ቆየን። በኋላ ሱሪውን ለመተኮስ ገለበጥኩትና ጣቴን ባሳልፍበት ክሩ ያዘነበለው ወደ ወንድሜ ጎን ነው። እኔ በግራ እጄ መርፌ ብይዝ የምሰፋው ጣቴን ነው፤ እሷም ከእኔ አትሻልም።

"ሙሽሪት፣ ነይ እስቲ ዳብሺው።"

ዳበሰችው። አላለቀሰችም።

"መጥቷል" አለች፤ ባሏ ገበያ ሄዶ የተመለሰ ይመስል።

ከዚያ ወዲያ በየማታው ስፒል የተሰካ ሱሪ ትተንለት እንሄድ ጀመር። ጠዋት ተሰፍቶ እናገኘዋለን። ሌላው ሰው ከሞተበት ጋር በሕልሙ ይገናኛል፤ እኛ በሱሪ። እስቃለሁ እንጂ ናፍቆቱ አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ታናሼ ነው። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በቀኝህ ያዝ ብዬ ብቆጣው ብቆጣው እምቢ ብሎኝ። ጠዋት ጠዋት ሙሽሪትን ቀድሜ ለመድረስ መንገዱን በሩጫ እጨርሰው ነበር። ስፌቱን ስዳብስ እጁን የጨበጥኩት ያህል ይሰማኛል።

ሰው ሲሰጡት አይጠግብ። አንድ ሱሪ የነበረው ክምር ሆነ። ሙሽሪት በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ "ሱሪህ አልረዘመብህም?" ማለት ጀመረች። እኔም ቀን ላይ መጨረስ የምችለውን እያወቅኩ ለማታ አስቀምጥ ነበር። ሥራው በበዛ ቁጥር ብዙ የሚቆይልን መስሎን ነው።

ከዚያ ስፌቱ መላላት ጀመረ። መጀመሪያ ሰፋ ሰፋ አለ፤ ቀጥሎ ተንጋደደ። ታሞ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ እንደዚያ ነበር የሚሰፋው። አውቄዋለሁ፤ ግን ዝም አልኩ። ዝም እንዳልል ያደረገኝ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ነጭ ሱሪ ነው። ጠዋት ስገለብጠው ዝምዝማቱ አጠገብ የምስር ፍሬ የምታህል የደም ጠብታ አየሁ። ገና እርጥብ ናት።

"ጣቱን ወግቶታል" አልኩ። "ሙሽሪት፣ ደክሞታል። ከዛሬ ወዲያ ምንም አንተውለትም።"

"ካልተውንለት ምን ብሎ ይመጣል፣ እትዬ?"

"ላይመጣ ይችላል።"

"እንዲህ በቀላሉ?"

"በቀላሉ አይደለም። ለእኔም ወንድሜ ነው።"

ሱሪውን ከእጄ ነጥቃ የውሃ ባልዲው ውስጥ ከተተችውና ጀርባዋን ሰጥታኝ ታሸው ገባች። ዞር ሳትል አወራች።

"አልጋ ላይ ሆኖ 'ሥራው አለቀ ወይ?' ይለኝ ነበር። 'የምን ማለቅ፣ ተከምሮ አንተን ይጠብቃል' እለዋለሁ። እሱ እንደሆነ ሥራ አስቀምጦ የትም አይሄድም፤ እንዲህ ካልኩት ይነሳል ብዬ ነው። የመጨረሻው ቀን ጠዋትም ይህንኑ አልኩት።"

የሞተ ተጎዳ ይላሉ። የኛ ሟች ግን ተጎድቶም አላረፈም፤ በፍቅር ብዛት ሥራ ላይ አውለነው፣ ሥራ ላይ አሳድረነው። ሙሽሪትን ልቆጣት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ሁለታችንም አንድ ነን።

የዚያን ቀን በሩን ዘግተን ሰፋን። እሷ የእጅ ስፌት ስለማይሆንላት ስፒሉን እየነቀለች፣ ክር እያስገባች፣ እየተኮሰች ታግዘኛለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጨረሻውን ሱሪ አጥፈን መደርደሪያ ላይ አኖርነው። ጠረጴዛው ባዶ ሲሆን እንዴት ረጅም እንደሆነ ረስቼው ነበር።

"አንቺ ንገሪው፤ ታላቁ ነሽ" አለችኝ።

"ይጠብቅሃል ያልሽው አንቺ ነሽ። ከእኔ ከሰማው አያምንም።"

መቀሱን አነሳች፣ አስቀመጠች። ብናኝ የሌለበትን ጠረጴዛ ጠረገች። ከዚያ ወደ ወንበሩ ዞረች።

"ሥራው አልቋል" አለች። "እኔና እትዬ ጨርሰነዋል። ሂድ፣ እረፍ። የሚጠብቅህ የለም።"

የመጨረሻዋን ቃል እንዴት እንደተናገረቻት አላውቅም። ሁለታችንም እዚያው ቆመን እየጠበቅነው ነበርና።

ጠዋት ጠረጴዛው እንደተውነው ነበር። በማግስቱም እንዲሁ።

አሁን ሥራ አናሳድርም። ደንበኛ ያመጣውን እዚያው ተቀምጦ ጠብቆ ይወስዳል፤ የማይመቸው ሌላ ልብስ ሰፊ ይፈልግ። ትናንት የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ሌላ ሱሪ ይዞ መጥቶ ወንበር ሰጠነው። ሲጠብቅ ዓይኑ ቀሚሴ ላይ አረፈ።

"የቀሚስዎ ጠርዝ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል እኮ" አለኝ። "ልብስ ሰፊ ቤት ውስጥ ሆነው!"

ሙሽሪት የስፌት መኪናዋን አቆመች። ቀሚሱን የዘመዘመልኝ ማን እንደሆነ ታውቃለች። ለአንድ ማታ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ብተወው ምን እንደሚሆንም ታውቃለች። እኔ ደግሞ በቀኝ እጄ ልሰፋው መርፌ ባነሳሁ ቁጥር የቀረውን የእሱን ክር አያለሁ፤ መርፌውን መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

"አውቃለሁ" አልኩት። የተተረተረውን በግራ እጄ ሰብስቤ ይዤ፣ ሰክታ እንድትይዝልኝ በቀኜ ለሙሽሪት ስፒል አቀበልኳት።